የገስግስ ግላስ

ታኅሣሥ 26፣ ማታ። ደባርቅ።

ኮርቻውን በሞራ አሸሁት። የሆዱ ጠፍር በግራ በኩል ሳስቷል፤ ነገ ቆዳ ሰፊው ጋ። ጉልበቴ ዛሬ ዝም ብሏል፤ ተመስገን።

ከአዲ አርቃይ የተመለስሁት ከሰዓት በኋላ ነው። የሐጂ እንድሪስ የእኅታቸው ልጅ ሰርግ ነበር። ሐጂ እዚሁ ደባርቅ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ሙሽራውን በፈረስ እንዳጅብ የላኩኝ እሳቸው ናቸው። ሰርጉ ደህና። የቆላው ሙቀት ግን አይጣል። ስንመለስ ሚኒባሱ ኮርቻዬን ጣራ ላይ ከፍየሎች ጋር አሰረው። ረዳቱን ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ አልሰማኝም። ሊማሊሞን እስክንወጣ ሐሳቤ ጣራው ላይ ነበር። ደባርቅ ወርጄ ባየው አንዷ ፍየል የዛቡን፣ የልጓሙን መሳቢያ፣ ጫፍ እምሽክ አድርጋ በልታዋለች። ረዳቱ ሳቀ። እኔም ቆይቼ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ሰርጉ ላይ አንድ ሽማግሌ ሥራዬን ጠየቁኝ። ጋላቢ ነኝ አልሁ። የማን ፈረስ? አሉ። የሰው። ከደባርቅ ዳባት፣ ከዳባት አምባ ጊዮርጊስ፤ ጥምቀት ሲሆን፣ ንግሥ ሲሆን፣ ሰርግ ሲኖር። ኮርቻዬን ተሸክሜ የጠራኝ ሰው ጋ እሄዳለሁ፣ ፈረሱን ጋልቤለት እመለሳለሁ። የራስህስ ፈረስ? የለኝም። እንግዲያማ የፈረስ ስምም የለህ፣ አሉና ወደ ምግባቸው ዞሩ። ክፋት አልነበረውም። መንገዱን ሙሉ ግን ከነከነኝ። እውነታቸውን ነው። ሜዳ ላይ የሚጠራው ባለቤቱ ነው፣ በፈረሱ ስም፦ አባ እገሌ! ላዩ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ጎልማሳ ሆኜ ጸጉሬ ሊሸብት ነው በሰው ስም ስጠራ።

ተወው፣ ማስታወሻዬ። እንተኛ።

ታኅሣሥ 28፣ ጠዋት።

የሺ ከዳባት ደወለች። የጋሽ ሙላው ልጅ ናት። (ጋ.ሙ. እያልሁ ልጻፍ፤ እጄ ሰነፍ ነው።) ጋ.ሙ. የገስግስ ባለቤት ናቸው። ገስግስ ደግሞ… ምን ልበል። ከተቀመጥሁባቸው ፈረሶች እሱን የሚያህል የለም። መልኩ ዳማ ነው፣ ቀይ ቡኒ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጠባዩ ክፉ። ከፊቱ ሌላ ፈረስ ካየ ያብዳል፤ ልጓም አይመልሰውም። ስንት ጥምቀት «አባ ገስግስ! አባ ገስግስ!» ሲባልልን ኖርን። ሲባልላቸው ማለቴ ነው።

ጋ.ሙ. ከኅዳር ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። አሁን ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሏል። በጥምቀት ማግስት፣ ሚካኤል ዕለት ገስግስ አንድ ጊዜ ሲሮጥ ልስማ፣ ከዚያ ወዲያ እግዜር የወደደውን ያድርገኝ ብለዋል። ልስማ ነው ያሉት፤ ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። በጄ አልኋት። ለዚያ ቀን ደባርቅ ላይ ለሌላ ሰው የገባሁትን ቃል በስልክ መለስሁ። ሰውየው ተቀየመ። ይቀየም።

ታኅሣሥ 30። ዳባት።

ደህና ዋልሁ አልልም።

ገስግስ ያነክሳል። የፊት ግራ እግሩ ከጉልበት በታች ጅማቱ አብጧል፣ ጠጥሯል። ኅዳር ላይ ቦይ ሲዘል ነው አለች የሺ። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም አይቶታል፤ ለመሄድ ይድናል፣ ለመሮጥ አይድንም፣ ካስሮጣችሁት ይሰበራል ብሏል። ኅዳር! እስከ ዛሬ ዝም! ጮህሁባት። ክንዴን ይዛ ከአጥሩ ኋላ ወሰደችኝ፤ ቀስ በል፣ አባዬ ይሰማል አለች። አልነገረቻቸውም። በየቀኑ ገስግስ እንዴት ዋለ ይሏታል፣ ደህና ዋለ ትላቸዋለች። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ጋ.ሙ. አንሰዋል፤ ያ ትከሻ የት ገባ። ድምፄን ሲሰሙ ግን ቀና አሉ። እጄን ይዘው ያወሩኝ ጀመር፤ ስለ ሜዳው፣ ወንበራቸው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ማን እንደሚመጣ። ፈረሱን አየኸው? አሉ። አየሁት አልሁ። እንዴት ነው? ዐይኑ ደህና ነው አልሁ።

ወይ እኔ! ዐይኑ ደህና ነው።

ጥር 2። ደባርቅ።

ጉልበቴ ተነሣብኝ። ከላይ ከተራራው፣ ከሳንቃ በር በኩል ጭጋግ ወርዶ ከተማውን ውጦታል፤ ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ይሄዳሉ።

ልንገራቸው? ልቤ አልቆረጠም። ገስግስን ላስሩጠው? ይሄማ አይታሰብም። እሱ ከፊቱ ፈረስ ካየ እስኪሰበር ነው የሚሄድ፤ ማቆም አያውቅም። ታመምሁ ብዬ ልቅር? ሌላ ጋላቢ ይጠራሉ፣ ያ ሌላው ያስሮጠዋል።

የሐጂ እንድሪስ ፈረስ ዳማ ነው። ቁመቱም ያው።

ይችን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥሁ። ወጣሁ፣ ተዘዋወርሁ፣ ተመለስሁ። አሁንም ዳማ ነው።

ማስታወሻዬ፣ አንተ ሜዳ ወጥተህ ስለማታውቅ ላስረዳህ። ፈረስ ሁሉ የራሱ ግላስ አለው፤ ኮርቻው ላይ ተደርጎ ወደ ጭኑ የሚወርድ ጥልፍ ጨርቅ። ሰው ከሩቅ ፈረሱን የሚለየው በሱ ነው። የገስግስ ከቀይ ከፋይ ጨርቅ የተሠራ ነው፣ ዳሩ ቢጫ። የአንዱን ፈረስ ግላስ ለሌላ አልብሶ የሮጠ ሰው ከተደረሰበት የሜዳው ሽማግሎች ሜዳ ይከለክሉታል። ለዘንድሮ ብቻ አይደለም፣ ለሁልጊዜ። ወሬው ደግሞ ዳባትም አምባ ጊዮርጊስም ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ጥር 4፣ ከሰዓት በኋላ።

ሐጂ ጋ ሄድሁ። መጋዘናቸው ውስጥ ገብስ እያስሰፈሩ ነበር። ጆንያ ላይ አስቀምጠው አዳመጡኝ። አንድም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። በእናንተ ዘንድ ለታመመ ሰው መዋሸት እንዴት ነው? አሉ። አላውቅም፣ ቄስ አልጠየቅሁም አልሁ። ለምን? መልሱን ፈርቼ። ሳቁ። እንግዲያው እኔም ሼኻችንን አልጠይቅም አሉ።

ፈረሱን ፈቀዱልኝ። ኪራይ ብዬ ስጀምር ተቆጡ። ከጋ.ሙ. ጋር ለካ ልጅ ሆነው በአንድ ገበያ ነው ያደጉት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፦ አንደኛ እንዳትወጣ። ሽልማቱ የሌላ ሰው ሐቅ ነው፣ በሰው ግላስ የተገኘ ሐራም ነው አሉ። እሺ አልሁ። ቀላል ነገር መስሎኝ።

ጥር 6።

ከሐጂ ፈረስ ጋር ተዋወቅን። ከከተማው ወጥተን ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግጦሹ ላይ። ቆንጆ ነው፣ ጨዋ። ስትይዘው ይቆማል፣ ስትለቀው ይሄዳል። ገስግስን ለለመደ ሰው እንደ ዕረፍት ነው።

ቱሪስቶች ከበቅሎ ነጂዎች ጋር ሲያልፉ ቆመው አዩኝ። አስጎብኚያቸው የሠፈሬ ልጅ ነው። አንዷ ፈረንጅ ማነው አለችው። የሰው ፈረስ ጋላቢ ነው በላት አልሁት። እሱ ግን ብዙ ተናገረ፤ እጁን ወደ ላይም ወደ ታችም አደረገ። ስትሰማ አጨበጨበችልኝ። ምን እንዳላት እሱና እግዜር ያውቃሉ። ሲሄድ፣ ጉልበትህን እያየሁት ነው፣ በቅሎ ነጂዎቹ ጋ የሥራ ተራ ልያዝልህ? አለኝ። በቅሎ አልወድም አልሁ። ተሳስቀን ተለያየን።

ከፈረሱ ከወረድሁ በኋላ ግን ነገሩ አልቀለለኝም። ኮርቻው ላይ ስሆን ሰው ነኝ። መሬት ላይ አንካሳ ነኝ። እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም ነበር።

ጥር 8። ዳባት።

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ስለተባለ ፈረሱን በአይሱዙ ከገብስ ጆንያ ጋር ጭነን መጣን። እኔ ከኋላ ቆሜ አንገቱን እንዳቀፍሁ። ገበያ ቀን ነው፤ በገበያ ቀን አንድ ፈረስ ማን ልብ ይላል። ግንባሩ ላይ ትንሽ ነጭ አለችው። የሺ ከሰል በቅቤ ለውሳ ስትቀባት ነጯ ጠፋች። እጇ ትንሽ እንኳ አይንቀጠቀጥ፣ ይች ሴትዮ!

ጓሮ ስናስገባው ገስግስ አሽካካ፣ ግድግዳውን ረገጠ። ጋ.ሙ. ከአልጋቸው ሆነው ከማን ጋር ነው የሚጣላው አሉ። የሺ የጎረቤት በቅሎ ገብታ ነው አለች። ለበቅሎ እንዲህ አይቆጣም አሉ። ተያየን። ሳቄ መጣ፤ ቆነጠጠችኝ።

ጥር 10። ከተራ።

ታደለ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣ። እንደኔው ጋላቢ ነው፤ ስንተዋወቅ ሁለታችንም ጢም አልነበረንም። ዘንድሮ የአንድ ባለሆቴል አምባላይ ፈረስ ላይ ነው። ገና ሳይቀመጥ ሰደበኝ፦ ሸመገልህ፣ ኮርቻህን ሽጥልኝና ለልጆቼ ወንበር ላድርገው። ሰደብሁት። ደስ አለን። ከዚያ ገስግስን ልየው አለ። ተኝቷል አልሁ። ፈረስ በቀን ይተኛል እንዴ? ዘንድሮ ይተኛል አልሁ። አየኝ። ወደ ጓሮው አንዴ ዞር ብሎ አይቶ ሄደ።

ታቦታቱ ወረዱ። ጥላውን ከሩቅ አይቼ ኮፍያዬን አወለቅሁ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ጋ.ሙ. ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ነጭ ጋቢያቸውን አሳጥበዋል። ሙሽራ መስለዋል አልኋቸው። ሙሽራማ ፈረሱ ነው አሉ።

ጥር 12፣ ማታ።

ሆነ።

ሚካኤል ገባ። ታቦቱ ሲያልፍ ሁላችንም ከፈረስ ወርደን፣ ልጓም ይዘን ቆምን። እልልታው ጋብ ሲል ሜዳው ተለቀቀ። ጋ.ሙ.ን በወንበር ተሸክመው ከባሕር ዛፉ ሥር አስቀመጧቸው። የሺ አጠገባቸው። ጆሯቸውን ወደ ሜዳው አዘንብለዋል።

ቀዩን ከፋይ ሲያይ ሰው «አባ ገስግስ!» አለ። ከከሰሉና ከቅቤው ሥር ያለችው ነጭ ትታየኝ ነበር፣ ማንም ሳያያት።

ተለቀቅን። የሐጂ ፈረስ የዋዛ አይደለም። አዋራ፣ ጩኸት፣ የፈረስ ላብ። ያቺን ሰዓት እንዴት እንደምወዳት! ጉልበቴም ዝም ይላል፣ ሐሳቤም ዝም ይላል። መሐል ሜዳ ላይ ሁሉን ጥለን ከታደለ አምባላይ ጋር ተካከልን። ከዚያ አለፍነው። አለፍነው! ሐጂ ትዝ አሉኝ። ዛቡን ሳብሁ። ጨዋ ፈረስ ነው፤ ተያዘልኝ። ታደለ አለፈን። ሲያልፍ ዞሮ አየ፤ ያየው እጄን ነው እንጂ ፊቴን አይደለም።

ሁለተኛ። ወደፊት የሚል ፈረስ መያዝ ክንድ ብቻ አይደለም የሚያመው። አይ ገስግስ፣ አረጀ! ሲሉ ሰማሁ። ይህን ለሱ ሲሉት ተናደድሁ። ጓሮ ቆሟል እኮ፣ ምን አጠፋ።

ጋ.ሙ. ፈረሱን አምጡልኝ እንዳይሉ ፈርቼ ነበር። አላሉም። ደክሞኛል፣ አግቡኝ አሉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ታደለ መጥቶ ክንድህ ምን ሆነ? አለ። ወለም አለኝ አልሁ። እህ፣ አለ።

ጥር 13፣ ጠዋት።

ጋ.ሙ. አስጠሩኝ። የሺን ጎረቤት ላኳት። በሩን ዝጋው አሉ። ቁጭ አልሁ።

የማን ፈረስ ነው? አሉ።

ገስግስ ነው ልል አፌን ከፈትሁ፤ አልወጣም። የሐጂ እንድሪስ አልሁ።

በኮቴው አይደለም ያወቁት። ሁለተኛ ወጣ ሲሏቸው ነው። ገስግስን ከሌላ ፈረስ ኋላ የሚያስቀር ክንድ አልተፈጠረም፣ አንተስ ሞክረህ ስንቴ ወድቀሃል? አሉ። ከዚያ ሳቁ። ሳሉ። እንደገና ሳቁ። እንድሪስ ፈረሱን ሰጠ? እያሉ ይደጋግማሉ፣ እንድሪስ? እዚያ ላይ ዐይናቸው እንባ ሞላ።

ስለ እግሩ ነገርኋቸው። ያመዋል? አሉ። ሲቆም አያመውም። የሺን እንዳትቆጣት አሉኝ፤ ሳልቆጣት የቀረሁ ይመስል። ሜዳ ሊከለክሉህ እንደሚችሉ ታውቃለህ? አውቃለሁ። ታዲያ? ታዲያ ምን፣ ጋሼ፣ አልሁ።

እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን አገኙት፤ የታመመውን። «ይችን ስም ይዤ አፈር አልገባም» አሉ። «አባ ገስግስ አንተ ነህ። ፈረሱም ያንተ ነው። ውኃውን አትርሳበት።»

ወጥቼ ጓሮ ገባሁ። ገስግስ አንገት ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። ነከሰኝ። ጠባዩ ክፉ ነው ብዬሃለሁ።

ጥር 15። ደባርቅ።

የሐጂን ፈረስ መለስሁ። ግንባሩን በሳሙና አጥቤ። ሐጂ ስንተኛ ወጣ? አሉ፤ ሁለተኛ። ደህና አደረግህ አሉ፤ ፈረሱን ግን የሚጸጽታቸው ነገር ያለ ይመስል አሻሹት። ጋ.ሙ. እንዳወቁ፣ እንደሳቁ ነገርኋቸው። ዘወር ብለው ጆንያ መቁጠር ጀመሩ። ጆንያው ትናንት የተቆጠረ ነው።

የተሰጠኝን ስም ለማንም አልነገርሁም። ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ቀስ ብዬ አልሁት። አፈርሁና ሬዲዮ ከፈትሁ።

ጥር 18፣ ማታ። ዳባት።

ጋ.ሙ. ዛሬ ሲነጋ ዐረፉ። ሐጂ በመኪናቸው ይዘውኝ መጡ። ቀብሩ ነገ ነው፣ ዘመድ ከሩቅ እስኪደርስ።

በኛ አገር ባለፈረስ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል። ኮርቻው፣ ግላሱ፣ የሟቹ ካባ ከላይ። ባዶውን እየተመራ በለቅሶው መሐል ይዞራል። ማንም አይቀመጥበትም።

የሺ ዐይኗ አብጦ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። የሐጂን ፈረስ ዛሬውኑ እናስመጣ አለች። ገስግስ ሲያነክስ ሰው ሁሉ ያያል፣ ሚካኤል ዕለት የሮጠው ማን ነበር ይላሉ፣ ትጠፋለህ አለች። በዚህ ሐዘን መሐል ለእኔ ታስባለች። ካልሆነም ያን ቀን ሲሮጥ ተጎዳ እንበል አለች። ይሄ ቀላል ነው። ጅማቱን ዳስሶ የቆየ መሆኑን የሚለይ ጥቂት ሰው ነው፤ ለቀስተኛው ያምናል።

አሰብሁበት። ብዙ አልፈጀብኝም። በሕይወታቸው የሰው ፈረስ አሰማኋቸው፣ ስቀው ተዉልኝ። አሁን ግን ስቀው የሚተዉልኝ የሉም። ለቅሷቸው ላይ የሚዞረው የራሳቸው ይሁን። ይሄ ስምም አለ። የሰጡኝን ስም በውሸት ልጀምረው? አይሆንም አልኋት። አልተከራከረችኝም።

ታደለ ከለቀስተኛው ጋር ነበር። ጠርቼ ሁሉን ነገርሁት፤ ፈረሱን፣ ግላሱን፣ ክንዴን፣ ስሙን። ሽልማቱን የወሰደው እሱ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይስማ ብዬ። ለእኔ ብለህ ነው የያዝኸው? አለ። ለሐጂ ብዬ ነው አልሁ። ሳቅ አመለጠው፤ ለቅሶ ቤት ነውና በጋቢው አፉን ሸፈነ። ከዚያ ይሄ ከሽማግሎቹ ጆሮ አያመልጥም አለ። እኔው ነኝ የምነግራቸው፣ ነገ ፈረሱ ሳይጫን አልሁ። ሜዳውን አጣኸው አለ። አጣሁት አልሁ። ስለው ድምፄ ተሰበረ፤ ለምን እዋሻለሁ። ሳንቃ በር ወጥቼ የበቅሎ ተራ እይዛለሁ ይሆናል። በቅሎ አልወድም።

ታደለ ሊሄድ ተነሥቶ ከበሩ ዞረ። «በቀኝ በኩል ልጓሙን እኔ እይዝልሃለሁ» አለ፤ «ብቻህን አትችለውም፣ አባ ገስግስ።» ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም።

ቁርጥ ነው። ነገ የምመራው ገስግስን ነው፣ ቀይ ግላሱን ለብሶ፣ እያነከሰ። ሰው ሁሉ ይየው።

አሁን ኮርቻውን በሞራ ላሸው። ማንም አይቀመጥበትም፤ ቢሆንም ይታሽ።